ወይኑን የሚያጸናው ማነው? ከአዱሊስ ወደብ እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ሞጆንና መቂን አልፎ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዝዋይ ይደርሳል። ዛሬ ባቱ በምትባለው በዚህች ከተማ ዳር የአገሪቱ ዘመናዊ የወይን እርሻና መጥመቂያ ይገኛል። መንገዱ ቀጥሎ ሻሸመኔን ያቋርጥና 275 ኪሎ ሜትር ላይ ሐዋሳ ይገባል። እዚያ ያለው መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የይርጋለም፣ የዲላ፣ የወላይታ ሶዶና የአርባ ምንጭ መንገደኛ የሚያልፍበት፣ ሆቴሉና ግሮሰሪው የበዛበት የገበያ ሠፈር ነው። ከወይኑ ማሳ እስከዚህ ገበያ ያለው ርቀት ከ120 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስለ ኢትዮጵያ ወይን ጠጅ ባለፉት ዓመታት በብዛት የተወራው ግን ባሕር ስለሚሻገረው ጠርሙስና ስለሚያስገኘው ዶላር ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይለያል። የሁለት ሺሕ ዓመቱ ታሪክ ሲመረመር ወይን ጠጅ በኢትዮጵያ ደጋግሞ ተጀምሮ ደጋግሞ የቀጨጨው አፈሩ ወይም አየሩ አልስማማው ብሎ አይደለም። ብዙ ገበሬ የሚያመርተው፣ ብዙ ሰውም የሚጠጣው ሆኖ ስለማያውቅ ነው። ኢንዱስትሪውን የሚያጸናውም እንደ ሐዋሳ መናኸሪያ ያለ የአገር ቤት ገበያ ነው፤ የውጭው ገበያ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገቢ ንግድ ነው። በአንደኛው ምዕተ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክኛ ጸሐፊ በቀይ ባሕር ወደቦች የሚገባና የሚወጣውን ሸቀጥ ሲዘረዝር፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት መካከል ከሶርያዋ ሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅን ይጠቅሳል፤ መጠኑ ብዙ እንዳልሆነም አብሮ ይገልጻል። ለኋለኞቹ ምዕተ ዓመታት ደግሞ ከዓቀባ የመጡ የሸክላ እንስራዎች በአክሱምና በአዱሊስ በቁፋሮ ተገኝተዋል። በአክሱም ቁፋሮ የወይን ፍሬ ዘር ጭምር ስለተገኘ ፍሬው ለአገሩ እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው የንግዱ ቅርጽ ነው። በመርከብ መጥቶ፣ ከወደቡ በጭነት ከብት ዳገቱን ወጥቶ የሚደርስ መጠጥ ውድ ነው፤ ውድ መጠጥ ገዢው ጥቂት ነው፤ ገዢው ጥቂት የሆነ ሸቀጥ ደግሞ ዕድሜው ከንግዱ መሥመር ዕድሜ አያልፍም። አክሱም ከቀይ ባሕር ንግድ እየራቀች ስትሄድ የባሕር ማዶው ወይን ጠጅ አብሮ መቅረቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ከገበያው የቀረለት ብዙ ሕዝብ አልነበረምና እጥረቱን በአገር ፍሬ ለመተካት የሚያስገድድ ፍላጎትም አልተፈጠረም።

ወይን ከአገሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደረገችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዱስ ቁርባን ያለ ወይን ፍሬ አይሆንም፤ በማርም በጌሾም አይተካም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ እስከ 1526 የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በጊዜው የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በሁለት ቤት ብቻ፣ ማለትም በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደነበረ ጽፏል። ለቅዳሴ የሚውለው ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ፣ ዘቢቡም በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ጭምር መዝግቧል። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አለ፤ ዲያቆናቱ በየአጥቢያው ቤተ ልሔም ዘቢቡን ያዘጋጃሉ። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ይህ ፍላጎት ሁለት ጠባይ አለው። ጽኑ ነው፤ ዋጋ ቢንርም ቢወድቅም፣ ጦርነት ቢሆንም ረሃብ፣ አይቋረጥም። ትንሽም ነው፤ ለአንድ ቆራቢ የሚደርሰው በዕርፈ መስቀል የሚቀዳው ያህል ነው። በየገዳሙ ጥቂት የወይን ሐረግ ለመጠበቅና ዘቢብ በነጋዴ ለማስመጣት ይበቃል፤ ገበሬ ማሳውን ወደ ወይን እንዲያዞር ግን አያደርግም። ቤተ ክርስቲያን ወይንን ለምዕተ ዓመታት አቆየችው፤ ንግድ ልታደርገው አልተነሣችም፣ ተግባሯም አልነበረም።

በብዙኃኑ ዘንድ የወይንን ቦታ የያዘው ጠጅ ነው፤ ድሉ ደግሞ የጣዕም ብቻ አይደለም። የወይን ሐረግ ከተተከለ በኋላ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። በመካከሉ መቃኛ፣ መገረዝ፣ መጠበቅ አለበት፤ ከቦታው ሊነሣም አይችልም። ማር ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ቀፎ በዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩ ሳይበላሽ በእንስራ ይቀመጣል፣ በበቅሎ ይጫናል፣ ለግብር ይሰፈራል። የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ በሚዘዋወርበት፣ ወታደር ገበሬ ቤት በሚመራበት፣ መሬቱ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ጉልት በሚሆንበት አገር የሦስት ዓመት ትዕግሥት የሚጠይቅ ተክል መትከል ድፍረት ነበር። ነገሥታቱ ግብር የሚያበሉበት ጠጅ ከየአውራጃው በሚመጣ የማር ግብር ይጠመቅ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ ጠጅ ከአዳራሹ ወጥቶ ጠጅ ቤት ገባ፤ በብርሌ እየተሸጠ ገንዘብ ላለው ሁሉ የሚደርስ መጠጥ ሆነ። ጠጅ የተሻለ ዕድል ያገኘው ከባላባቱ ማዕድ ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ መውረድ ስለቻለ ነው። ወይን ጠጅ ይህን እርምጃ አልተራመደም።

ምድሩ እንዳልከለከለ ግን ማስረጃው ብዙ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባሉት በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ ወይን ይበቅል እንደነበር ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ያለፉ ተጓዦች ጽፈዋል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የዘመናዊው ጠመቃ ጅምር ከኢጣልያውያንና ከሌሎች የውጭ ተወላጆች ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ጅምር የወጣው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ስሞቹን በአገሩ ምድር ሰየመ፤ ጉደርና ዱከም የቦታ ስሞች ናቸው፣ አክሱማይት ደግሞ የጥንቷን መንግሥት ያስታውሳል። ደርግ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ የወይን ጠጅ ጠመቃውም በመንግሥት እጅ ገባ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ በማውጣቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ወይን ግን በመንግሥት እርሻ ላይ ተወስኖ ቀረ፤ የአርሲ ገበሬ ስንዴ፣ የሲዳማ ገበሬ ቡና እንደሚያለማው ወይን የሚያለማ የገበሬ ሠፈር አልተፈጠረም። መንግሥት ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አዋሽን ለግል ሲያዛውር የገዙት ኢትዮጵያዊው ባለሀብት ሙሉጌታ ተስፋኪሮስና ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ የሚመራው ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ናቸው። ትርፍ የሚያሰላ ፈንድ ገንዘቡን ያዋለበት ኩባንያ በዋናነት ለአገር ውስጥ ጠጪ የሚሸጥ መሆኑ ትልቅ ምስክር ነው።

ሁለተኛው የዘመናችን ጅምር የዝዋዩ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ከገዛበት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አገሩን ያውቃል፤ በሐዋሳም የቢራ ፋብሪካ አለው። ወይን እንዲተክል ሐሳቡን ለባለቤቱ ለፒየር ካስቴል ያቀረቡት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንደነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። ከቦርዶ የመጡ የሜርሎ፣ የካበርኔ ሶቪኞን፣ የሲራና የሻርዶኔ ችግኞች በ120 ሄክታር ገደማ ላይ ተተከሉ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ማሳው በቦይ ተከበበ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉት ወይኖች ለገበያ ቀረቡ። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ለማምረት፣ ከዚያም ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ ለመላክ ታቅዶ ነበር። ሥራው ክብር ይገባዋል። 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ጥሩ ወይን እንደሚጠመቅ አረጋግጧል፤ ለአካባቢውም ሥራ ከፍቷል። ቅርጹ ግን የቀድሞውን ይደግማል። ችግኙ የውጭ፣ ማሳው የአንድ ኩባንያ፣ የተስፋው ግማሽ ደግሞ የሩቅ ገዢ ነው። በዙሪያው ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች ገበሬ ለወይኑ የሚያቀርበው ጉልበቱን እንጂ ፍሬውን አይደለም።

የሩቅ ገዢን ብቻ የሚጠብቅ ወይን ምን እንደሚገጥመው አልጄሪያ አሳይታለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያጠፋ ቅኝ ገዢዎቹ በአልጄሪያ በሰፊው ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማሳው ወደ 400 ሺሕ ሄክታር ተጠጋ፤ አልጄሪያም ከዓለም ቀዳሚዋ የወይን ጠጅ ላኪ ሆነች። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ በአገር ውስጥ የሚጠጣው ኢምንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻነት መጣ፤ ፈረንሳይ ግዢዋን ቀነሰች፤ ያ ሁሉ ወይን ገዢ አጣ፤ ሐረጉ እየተነቀለ ማሳው ለእህል ዋለ። አፈሩ ያው አፈር፣ ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነበር። የጠፋው ገበያው ነው፤ ገበያው ደግሞ በሌላ አገር ፓርላማ እጅ ነበር።

በአንጻሩ የራሳችን ቡና ለምን እንዳልወደቀ እንይ። ለሲዳማ አንባቢ ይህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን እዚሁ ትጠጣዋለች። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስ፣ በኋላም በ2001 አካባቢ ዋጋው ሲዘቅጥ፣ ላኪ ብቻ የሆኑ አገሮች ገበሬዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የእኛም ገበሬ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለም አለ። ነገር ግን በየቤቱ በቀን ሦስቴ የሚፈላው ጀበና ከገበያው አልወጣም። ወጣ ገባ ያለውን የዓለም ዋጋ ለመቋቋም የሚያስችል መሠረት ያ ነው። የቡናው ስምም በውጭ የተከበረው በአገር ቤት ባሕል ስላለው ነው፤ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር በተከራከረች ጊዜ ከጀርባዋ ሚሊዮኖች ገበሬና ሚሊዮኖች ጠጪ ነበሩ። ወይን ጠጃችን እስካሁን ሁለቱም የሉትም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለችና ጠርሙሱ ይላክ የሚል ነው። ችግሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። የወይን ቡሽ ከፖርቱጋል፣ የኦክ በርሜል ከፈረንሳይ ይመጣል፤ መድኃኒቱና ማሽኑም በዶላር ይገዛል። ወደ ውጭ የተላከው ጠርሙስ ከቺሊና ከደቡብ አፍሪካ ወይን ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ ስሙን ለማያውቅ ገዢ በርካሽ መቅረብ አለበት። እዚሁ የተሸጠ ጠርሙስ ደግሞ ከውጭ ሊገባ የነበረውን ካስቀረ የሚያድነው ዶላር ከተላከው አያንስም። መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአልኮል መጠጦችን ጨምሮ ለ38 የሸቀጥ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ ከልክሎ ነበር። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከብር ተመን ለውጥ ጋር ሲነሣ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የውጭው ወይን ዋጋ በዚያው ልክ ሲንር ለአገር ውስጡ ሰፊ በር ተከፍቷል። በውጭ ስላሉት ኢትዮጵያውያንም ቢሆን፣ በአሜሪካ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ጠጅ ብዙውን ጊዜ እዚያው አሜሪካ የተጠመቀ መሆኑ ልብ ይባል። ናፍቆት ብቻውን ጠርሙስ ባሕር አያሻግርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሐበሻ ወይን ጠጪ አይደለም፣ ቢራና ጠጅ ይበቃዋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ራሱ ቢራው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲቋቋም ፋብሪካ የጠመቀው ቢራ የውጭ ዜጋና የባለሥልጣን መጠጥ ነበር፤ ሕዝቡ ጠላውን ይጠጣ ነበር። በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ቢራ ወደ እያንዳንዱ ወረዳ ደረሰ። ያደረሰውም ጠርሙሱ ተመላሽ መሆኑ፣ ሳጥኑ በየግሮሰሪው መራገፉ፣ ድራፍቱ በርካሽ መቀዳቱ፣ ብቅሉም ቀስ በቀስ ከአርሲ ገብስ መሠራቱ ነው። ወይን ጠጅ በሠርግና በዓመት በዓል ብቻ የሚከፈት ሆኖ የቀረው ዋጋው የበዓል ዋጋ ስለሆነ ነው። ጠጪው ጣፋጩን መምረጡ፣ አንዳንዴም ከለስላሳ ወይም ከአምቦ ውኃ ጋር መቀላቀሉ ሊያስነቅፈው አይገባም። አክሱማይትና አካሺያ ገዢ ያገኙት በዚህ ጣዕም ነው። ከመናኸሪያ ለተነሣ ነጋዴ የሚጠቅመው ትንሽ ጠርሙስ፣ በብርጭቆ የሚሸጥ ወይን፣ ተመላሽ ዕቃና ሙቀት የማይነካው መጋዘን ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የሃይማኖትና የጤና ነው። በሐዋሳና በሲዳማ ብዙው ሕዝብ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊምም አለ፤ ኦርቶዶክሱም የጾም ወራቱ ረዥም ነው። አልኮል ቤት እንደሚያፈርስም የሚካድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን መገደቡና ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉ ተገቢ ነው። የአገር ቤት ገበያ ይጠንክር ማለት የማይጠጣው ይጠጣ ማለት አይደለም። ቀድሞውኑ የሚጠጣው፣ በተለይ ጠንካራ አረቄ የሚጠጣው፣ ከምግብ ጋር የሚቀመስ ለዘብ ያለ መጠጥ በአቅሙ ያግኝ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ወይን ፍሬ ነው። ጥሬው በየፍራፍሬ ቤቱ ይሸጣል፣ ጭማቂው ለማንኛውም እምነት ይሆናል፣ ዘቢቡ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የማትተወው ነው። ፍሬው ሦስት አራት መውጫ ካለው ገበሬው በአንድ ጠማቂ እጅ አይወድቅም፤ ለማይጠጣውም ሕዝብ የሚበላ ነገር ይተርፋል።

በመጨረሻ ስለ ውኃና ስለ መሬት የሚነሣው ጥያቄ አለ። የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ መስኖው፣ የአበባ እርሻውና ከተማው ሁሉም ከእሱ ይቀዳሉ። ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድለት የአብያታ ሐይቅ ክፉኛ መሸሹ የታወቀ ነው። ወይን በዘፈቀደ ይስፋፋ የሚል ሰው ይህን ዘንግቷል። ይሁንና ወይን በጠብታ መስኖ ሲለማ ውኃ ቆጣቢ ከሆኑ ተክሎች አንዱ ነው፤ አሸዋማና ደካማ አፈርም ይበቃዋል። በሽንኩርትና በቲማቲም ቦታ ከተተከለ የሐይቁን ጫና ሊያቀል ይችላል። ገበሬው ግን ጫት በየጥቂት ወሩ እየተቆረጠ ጥሬ ገንዘብ ሲያመጣለት ሦስት ዓመት ለምን ይጠብቃል? ወንዶ ገነት አጠገብ ለሚኖር ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ጥንት ወይንን ያሸነፈውን ፍርሃት ማስወገድ ነው፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሆን ብድር፣ አስቀድሞ የተፈረመ የግዢ ውል። የቢራ ፋብሪካዎች ከአርሲ ገብስ አምራቾች ጋር የሠሩት በውል የተመሠረተ እርሻ ይህ እንደሚቻል አሳይቷል። ችግኙን የማላመድና ገበሬውን የማሠልጠን ሥራ ደግሞ በግብርና ኮሌጅነት ለጀመረው ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚከብድ አይደለም።

ማስረጃዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ድምዳሜ ያመራሉ። የአዱሊስ ወይን ጠጅ ከንግዱ መሥመር ጋር ጠፋ፣ የነገሥታቱ ከግቢያቸው አልወጣም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከጽዋው አልፎ ገበያ አልደረሰም፣ የመንግሥት እርሻውም ገበሬ አላፈራም። ጠጅ፣ ቢራና ቡና በአንጻሩ የጸኑት ብዙ አምራችና ብዙ ተጠቃሚ ስላገኙ ነው። የዝዋዩ ማሳ ታሪኩን የመለወጥ ዕድል አለው፤ አብሮት የሚያመርት ገበሬና በአቅሙ የሚገዛ የቅርብ ደንበኛ ካገኘ። ያን ጊዜ ከሐዋሳ ወደ ዲላ፣ ከዲላ ወደ ሞያሌና ናይሮቢ የሚቀጥለው ይኸው ጎዳና ወይኑን ለጎረቤት ገበያ ማድረሱ አይቀርም፤ በአገሩ የሚኮራበት ሸቀጥ በሰው አገር ለመሸጥ አይለመንበትም። የኢንዱስትሪው ባለቤቶችም ሆኑ የመንግሥት ዕቅድ አውጪዎች የስኬታቸውን መለኪያ በየዓመቱ ከተላከው ጠርሙስ ቁጥር ወደ ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ቢያዞሩ ይሻላል፦ ስንት ገበሬ ወይን ተከለ? በየክፍለ አገሩ ከተማ ስንት ጠርሙስ በተመጣጣኝ ዋጋ ተሸጠ? እነዚህ ሁለቱ ሲያድጉ የውጭ ምንዛሪውም ይከተላል፤ ሳያድጉ የመጣ ዶላር ግን የአንድ ውል ዕድሜ ብቻ ነው ያለው።